ምንም የሌለበት ውሃ

ሳጂዳ በውሃ እንዲቀዘቅዝ አድርጋ የገጣጠመችውን ኮምፒውተር ፈታታ፣ የመዳብ ቱቦውን አረንጓዴ ዝገት በሎሚ አጥባ ጨርሳ አዲስ ውሃ ልትሞላ ስትል፣ እናቷ ከሐጅ ያመጣችውን የዘምዘም ጀሪካን አቅፋ ብቅ አለች።

«የቧንቧ ውሃ ነው ያዛገው አላልሽም? ከዚህ የጠራ የለም፤ ይሄን ጨምሪለት!»

ያን ጀሪካን እናቷ ከቦሌ ኤርፖርት እስከ ገርጂ ለማንም አላስያዘችም፤ ለጎረቤት እንኳ በሲኒ ነበር የምታካፍለው።

«እማዬ፣ ዘምዘም ማዕድን አለው። እኛን ይጠቅማል፣ መዳቡን ግን ያዝገዋል» አለችና ከጋራዥ የገዛችውን ጠርሙስ አነሳች። «ለዚህ የሚሆነው ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው። ውስጡ ምንም የለም።»

«ምንም?» እናቷ ኮምፒውተሩን በሐዘኔታ አየችው። ጠርሙሱን ተቀብላ፣ «ቢስሚላህ» ብላ እፍ አለችበትና መለሰችላት።

«በይ ጨምሪለት። አሁን ባዶ አይደለም።»