የቅዳሜ ብልሽት

የወይዘሮ ዘመናይ ኮምፒውተር ከቅዳሜ በቀር በሌላ ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።

ታዴዎስ ይህን ካስተዋለ ቆይቷል። ናይሮቢ መሃል ከተማ ባለ አንድ የአየር መንገድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ የማሽን ጠባይ ያውቃል። ማሽን ቀን አይመርጥም። ቀን የሚመርጠው ሰው ነው።

መጀመሪያ የማውሱ ኳስ ጠፋ። ቀጥሎ ኪቦርዱ ላይ ጭማቂ ፈሰሰ። ከዚያ ደግሞ ከሌለ ዊንዶውሱ የማይነሳ ፋይል ተሰረዘ፤ ያውም ተደብቆ የሚቀመጥ፣ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ካልሆነ የማያገኘው። ማውስ እንደ ትኋን በሁለት ጣት የሚይዙ ሴትዮ እንዴት አድርገው አገኙት? ብቸኝነት ስንቱን ያስተምራል ብሎ ተወው። ሴትዮዋ የሚያዋራቸው ሰው ሲያጡ ዕቃቸውን በገዛ እጃቸው እንደሚያበላሹ ከገባው ሰንብቷል።

የተዋወቁት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው። ታዴዎስ ከኋላ ቆሞ አስቀድሶ፣ ሰው መሳለም ሳይጀምር ሹልክ የሚል ነው። እሳቸው ግን አንድ እሑድ ክንዱን አፈፍ አደረጉት። "አንተ! ኮምፒውተር ታውቃለህ አሉ። ከሰው መሸሽንስ ማን አስተማረህ?"

ለፋሲካ ሲጠሩት እንግዶች አሉብኝ ብሎ ቀረ። ለመብላት ብቻ ሰው ቤት መሄድ አይሆንለትም፤ ሰው ተሰብስቦ በሚጎራረስበት ገበታ ላይ ባዳ ሆኖ መቀመጥ ያሸማቅቀዋል። በዓሉን መሃል ከተማ አንድ ቺፕስ ቤት ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዶሮ ሲበላ ዋለ። የሚያውቀው ሰው እንዳላየው እርግጠኛ ነበር።

ሥራ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ ጮኸ ማለት ሸሚዙን ተኩሶ እሳቸው ወደሚኖሩበት ሳውዝ ሲ የሚሄድ ማታቱ ታክሲ ላይ ዘሎ መውጣት ነው።

ዛሬ "ስክሪኑ ላይ የነበረው ሁሉ ጥርግ ብሎ ጠፋ" ብለው ደወሉ። ታዴዎስ ይሄ የመጨረሻው ነው ብሎ ቆርጦ መጣ። ትልቅ ሴት እንዲህ ሲሆኑ እያዩ ዝም ማለት ነውር መስሎ ታየው።

"ምንድን ነው የያዝከው?" አሉ በሩን ከፍተው። "መስታወት ነው?"

"ሲዲ ነው እትዬ ዘመናይ። አዲሱ ዊንዶውስ፣ ኤክስፒ የሚሉት። አሮጌውን በዚህ አሳድገዋለሁ፤ ከእንግዲህ ዝም ብሎ አይበላሽም።"

ፊታቸው ጥቁር አለ። "ጨርሶ?"

"ጨርሶ።"

"አይ፣ ምን ያስቸኩልሃል። አሮጌውን ለምጄው የለም እንዴ?"

አንጀቱን በሉት። ቢሆንም ሲዲውን ከተተ።

ማሽኑ ሲዲውን ማንበብ ጀመረ፤ አረንጓዴው መስመር እንደ ቀንድ አውጣ እየተሳበ ሄደ። ወይዘሮ ዘመናይ በዚህ መሃል ምሳ አቀረቡ። ድስቱ የፖሊስ ጣቢያ ይመግባል።

"ይሄን ሁሉ ለማን ሠሩት?"

"ትንሽ መሥራት እጄ አልለመደም። ብላ!"

ከወዲያ በኩል አንድ ሰው አሳለው።

"ጎረቤት ነው" አሉ ቶሎ ብለው። "እዚህ አገር ግድግዳ የሚሠሩት በካርቶን ነው። ለመሆኑ ሚስት አታገባም?"

"ጊዜ የለኝም እትዬ።"

"ጊዜማ ሞልቶሃል፤ የሌለህ አፍ ነው።"

ታዴዎስ ሳይወድ ሳቀ። ከሳቀ ስንት ጊዜው እንደሆነ ሊያስታውስ ሞከረና ተወው።

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ። ከዚያ ጥያቄ አመጣ።

"ማን ማን ይጠቀምበታል ይላል። አምስት ስም ይቀበላል።"

ወይዘሮ ዘመናይ ወደ መኝታ ቤቶቹ መተላለፊያ ዞር ብለው አዩ። "እኔን ብቻ ጻፍ።"

ጻፈ። ከስማቸው ሥር አራት ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ቀሩ። ታዴዎስ እነሱን ማየት አልቻለም፤ ቶሎ ብሎ አሳለፈው።

በመጨረሻ አረንጓዴ ኮረብታና ሰማያዊ ሰማይ ስክሪኑን ሞላው። አንድም ፋይል አልጠፋም፣ አንድም ነገር አልተጓደለም። የቀረው ድምፁ ብቻ ነው። የድምፁ ሲዲ ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ እሱን ከጫነ ሥራው አለቀ፣ የሚመጣው ቅዳሜም አበቃ። ቦርሳውን ከፈተ። ሲዲውን በጣቱ ነካው። ከዚያ ቦርሳውን መልሶ ዘጋ።

"ድምፁ ይቀረዋል እትዬ። ሲዲውን ቤት ረስቼው ነው። ለሚመጣው ቅዳሜ ይዤው ልምጣ?"

ፊታቸው ፈካ። "ምን ይደረጋል እንግዲህ! ግን ምሳ በልተህ እንዳትመጣ፤ አስወጣሃለሁ።"

ደረጃውን እየወረደ በውሸቱ አልተጸጸተም። ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ግድግዳ ነው፤ እሱስ ወንድ ነው፣ ይችለዋል። እሳቸው ግን ምስኪን፣ ማንም የላቸውም።

ወይዘሮ ዘመናይ ጥግ እስኪታጠፍ ድረስ በመስኮት ሸኙትና ወደ መኝታ ቤቶቹ ዞረው ቤተሰባቸውን ተጣሩ፦ "ጋሽ መኳንንት፣ ልጆቹን ይዘህ ውጣ፣ ምሳ ቀዘቀዘ፤ ሐሊና ልጄ፣ ለሚመጣው ቅዳሜስ ራሱ ዋሽቶ ገላግሎናል፣ ለሌላው ግን እንደ ልማድሽ አንድ ነገር አበላሺልኝ፣ ልጁ በዚህ አገር ማንም የለውም።"