ዘጠኝ ይበቃኛል

ሴራይና ካዱፍ በሱርቫል ሸለቆ የመጀመሪያዋ ሴት ጠበቃ ነበረች። አባቷ ዱሪ ሁለት ላም ሸጦ ዙሪክ ድረስ ልኮ አስተማራት። በሕግ የዶክተርነት ማዕረግ ይዛ ከተመለሰች በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በሯን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ከዚያ ሴቶች በጓሮ በኩል መምጣት ጀመሩ፤ ቅቤ ሊሸጡ የመጡ መስለው፣ ወረቀታቸውን ከቅርጫታቸው ሥር ደብቀው።

ኡርሲና አንዷ ናት። ባሏ ሁለቱን ሴት ልጆቿን ከተራራው ማዶ ላለ ገበሬ ለጉልበት ሥራ ሰጥቶባታል። ሴራይና ጉዳዩን ይዛ ፍርድ ቤት ቆመች፤ ተረታች። ባልና ሚስት ካልተስማሙ የአባት ቃል ይጸናል ይላል ሕጉ። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። መዝገቡን ዘግተው፣ «ወይዘሮ ካዱፍ፣ ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም። የጻፉትን የመረጧቸው ወንዶች ናቸው» አሏት።

ኡርሲና አላለቀሰችም። የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ፣ «እንግዲህ ምን ይደረጋል?» ብቻ አለች።

መልሱ እ.ኤ.አ. በ1959 የካቲት ላይ የሚመጣ መሰለ። ሴት ድምፅ ትስጥ ወይስ አትስጥ ብለው የአገሪቱ ወንዶች እንዲወስኑ አንድ እሑድ ተቆረጠላቸው። ወረቀቱ ላይ «ይሁን» ወይም «አይሁን» ብሎ መጻፍ ነው፤ ሌላ የለውም።

ባሏ ፍሉሪን የከብት ሐኪም ነው። እሷ ችሎት በምትቆምበት ቀን የገብስ ሾርባውን የሚሠራው እሱ ነው፤ ሸሚዙንም ራሱ ይተኩሳል። መጠጥ ቤት ሲገባ፣ «ዛሬ ማን ፈቀደልህ?» ይሉታል። አብሯቸው ይስቃል። «እኛ ቤት ድምፅ የሌለው እኔ ነኝ» ይልና ከሁሉም ቀድሞ ተነሥቶ ይወጣል።

ሴራይና እናሸንፋለን ብላ አላሰበችም። የምትፈራው የመንደሩን ሹም ካስፓርን ነው። ካስፓር በአደባባይ፣ ሱርቫል ውስጥ «ይሁን» የሚል ወረቀት ከተገኘ ምድጃ ማቀጣጠያ ይሆናል ብሎ ተናግሯል። ድምፁን የሚያስቆጥረውም እሱ ነው። ስለዚህ በየቤቱ ዞራ ወንዶቹን አንድ በአንድ አነጋገረች። ዘጠኙ እጇን ጨብጠው ቃል ገቡላት፦ ባሏ፣ አባቷ፣ መምህሩ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ የኡርሲና ወንድም፣ ሌሎችም አራት።

«ዘጠኝ ይበቃኛል» አለች እራት ላይ። «ከዘጠኝ አንድ ቢጎድል፣ ዘጠኙንም ፍርድ ቤት አስምዬ ካስፓርን እከሰዋለሁ።»

አባቷ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ተይ ልጄ። ሰው ስለ ሰጠው ድምፅ አይጠየቅም።»

«አባዬ፣ የምጠይቀው እናንተን መች ሆነ? ሌባውን እኮ ነው።»

በማግስቱ ለካስፓር ደብዳቤ ጻፈች፤ ቆጠራው ላይ የታመነ ሰው ይቀመጥ ብላ። ሴት ስለማይፈቀድላት የባሏን ስም ሰጠች። ፍሉሪን ግን፣ ላሙ ልትወልድ የደረሰችበት ገበሬ እየጠበቀኝ ነው፣ ሌላ ሰው ፈልጊ አላት።

«ማንን ልመን ታዲያ?» አለችው።

በመጨረሻ፣ እሺ፣ እቀመጣለሁ አለ። ካስፓር ደግሞ ያለ አንዳች ክርክር፣ ወንበር አይጠፋም፣ ይምጣ የሚል መልስ ላከ። ሴራይና ይህን ወረቀት ደጋግማ አነበበችው። ይሄን ያህል የዋህ የሆነው ተንኮል ቢያስብ ነው አለች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንዶቹ ሁሉ ድምፅ ወደሚሰጥበት ትምህርት ቤት ገቡ። ሴራይና ከኡርሲናና ከጥቂት ሴቶች ጋር በረዶው ላይ ቆመች። አባቷ ድምፁን ሰጥቶ ሲወጣ፣ ብርዱ ገደለኝ ብሎ ሳይቆም አለፋቸው። መምህሩ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላት። የኡርሲና ወንድም በጓሮ በር ሳይወጣ አልቀረም፤ አላዩትም።

ቆጠራው ተጀመረ። ሴራይና በመስኮቱ በኩል ከካስፓር እጅ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ወረቀት እየገለጠ ሁሉንም በአንድ በኩል ይከምራል።

«አየሽው?» አለች ለኡርሲና። «የእኛን ከነሱ ጋር እየደባለቀው ነው።»

ወዲያው ፍሉሪን ክምሩን ወደ ራሱ ስቦ እንደገና መቁጠር ሲጀምር አየችና ትንፋሽዋ ተመለሰ። ሲጨርስ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሴራይና የክሱን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር በልቧ ማርቀቅ ያዘች።

በሩ ተከፈተ። ካስፓር ባርኔጣውን አውልቆ ወጣ። ፍሉሪን ከኋላው ቆሞ ጓንቱን ለማጥለቅ ይታገላል። ይሳለቅብኛል ብላ የጠበቀችው ሹም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ወይዘሮ ዶክተር፣ ሦስት ጊዜ ተቆጥሯል» አላት። «ሁለቱን የቆጠሩት ባለቤትዎ ናቸው። ይደገም ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ለእርስዎ ብዬ።»

ከዚያ ወረቀቱን አነበበ። ድምፅ የሰጡ፣ ሰማንያ አራት። የተበላሸ ወረቀት አልተገኘም።

«ይሁን ያሉ፣» አለና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድም የለም።»