የወንድም ጋሼ ቧንቧ ሠራተኛ

ቧንቧ ሠራተኛውን የጠቆማት ታላቅ ወንድሟ ነው። «የእኔን ቤት የሠራው እሱ ነው። ለሥጋዬ ካልሆነ ለማንም አልሰጠውም፤ ሌላ ሰው ሳይወስድብሽ ቶሎ ቀብድ ስጪውና ያዢው» ብሏታል።

ወንድም ጋሼ ካለ አለቀ። ቢሆንም ያለፈው ሠራተኛ ግድግዳዋን በውሃ አርሶ ከጠፋባት ወዲህ ሳታጣራ ማንንም ቤቷ አታስገባም። የሰውየውን የፈቃድ ኮፒ ይዛ ወደ ሰጠው ቢሮ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ወንድሟን ያላመነች እየመሰላት ስታፍር ነበር።

መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ኮምፒውተሯን አየት አደረገችና፣ «ታግዶ ነበር እኮ» አለቻት። «የሠራው ቤት ቧንቧው አፍስሶ ኮርኒሱ ወርዶባቸው ባለቤቱ ከሰውት ነው። ግን አያስቡ፣ ትናንት እገዳው ተነሥቷል።»

«ቤቱን አስተካከለላቸው ማለት ነው?»

«ኧረ ገና ነው። ባለቤቱ ራሳቸው መጥተው ‹ታርቀናል፣ አንሱለት› አሉን። ገርሞን ስንጠይቃቸው፣ ለካ የእህታቸውን ቤት ሥራ አግኝተውለት ኖሯል። እዚያ ካስገቡት የእሳቸውን በነፃ ሊያድስላቸው ተስማምተዋል።»

ኮፒውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሩ ጋ ስትደርስ ስልኳ ጠራ። ወንድም ጋሼ ነው።

«እታለሜ» አላት በዚያ በሚያባብል ድምፁ፣ «ቀብዱን ሰጠሽው?»