ያልሄደች አንዲት ቃል

ኢህሳን የመላኪያውን ምልክት ደግማ ትጫነዋለች። ቃሏ ንቅንቅ አትልም። ለእህቷ ለሰልዋ «ውጪ» ብላ የጻፈችው መልእክት ጎን ትንሿ የሰዓት ምልክት ተለጥፋ ቀርታለች። ከላይ «በመገናኘት ላይ» ይላል፣ ይላል፣ አይገናኝም።

«ኧረ በአላህ! እንዲህ ለመሆን ዛሬን ትመርጥ?» ትለዋለች ኮምፒውተሩን።

ሰልዋ አረብ አገር ሰው ቤት ናት። አሠሪዎቿ ፓስፖርቷን ነጥቀው በር ይቆልፉባታል። ዛሬ ጁምዓ ነው፤ ቤተሰቡ ከሶላት በኋላ አያት ቤት ምሳ ይበላል፣ እስከ አስር ሶላት፣ ማለትም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ቤቱ ባዶ ነው። ሰልዋ የተደበቀ ቁልፍ አግኝታለች። ሊያሸሻት የተስማማው ሹፌር፣ ፋሩቅ የሚባለው፣ አሁን ወደ አባቷ ስልክ ደውሎ «ደጁ ላይ ነኝ» ብሏል። ውላቸው አንድ ነው፦ ኢህሳን «ውጪ» ሳትላት ሰልዋ ከበሩ አትወጣም።

የኢህሳን ስልክ ማክሰኞ ዕለት እሪ በከንቱ ሰፈር ከእጇ ተመንትፏል። የቀራት ይህ ፒያሳ ያለው የአባቷ ወርቅ ቤት አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሥርዓት የጫነችበትም ራሷ ናት። ሰልዋ ደግሞ ሲም የላትም። በቤቱ ዋይፋይ ተደብቃ ነው የምትጽፈው፤ እንዳይነቃባትም ከኢህሳን በቀር ማንም እንዳይጽፍላት አፑን ዘግታዋለች።

ኢህሳን ዋይፋዩን ታጠፋለች፣ ታበራለች። ሙሉ ነው። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታ ኢንተርኔቱን ትሞክረዋለች፤ አለ፣ ይመልሳል። ታዲያ ምን ነክቶት ነው? አፑን ዘግታ ትከፍተዋለች፣ ያው ነው። ከአካውንቱ ወጥታ እንዳትገባ፣ ማስገቢያው ኮድ የሚላከው ሌባው እጅ ወዳለው ስልክ ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች። 8:20 ይላል፣ ከሥሩ 5/3/2018። ስምንት ከሃያ! ለአስር ሶላት ምን ቀረው?

«ኢህሳንዬ፣ ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» የጎረቤት ሱቅ ባለቤቷ እትዬ ዙህራ በሩ ላይ ቆመዋል።

ነገሩን ለሰፈሩ ሁሉ ደብቀውት ነው የከረሙት። ዛሬ ግን ጭንቀቱ በዛባትና ዘረገፈችላቸው። የሹፌሩ ስም ላይ ስትደርስ እትዬ ዙህራ ባንኮኒውን ጨበጡ።

«ፋሩቅ? ነጭ መኪና ያለው? በስልክ ‹እህቴ፣ እህቴ› የሚለው?»

«አዎ። ያውቁታል እንዴ?»

«የወንድሜን ልጅ ረይሀናን ያወጣት እሱ ነው። ባለፈው ረመዳን። ‹ተሳፈርኩ› ብላ ከጻፈች ወዲህ ድምጿን የሰማ የለም። ያ አላህ! ሴቶቹን ይሸጣቸዋል ነው የሚሉት።»

ኢህሳን ወደ ስክሪኑ ዞራ «አትውጪ» ብላ ትጽፋለች። ይህችኛዋም ቃል ከላይኛዋ ሥር ሄዳ ተንጠለጠለች።

«ደውይላት እንጂ!» ይላሉ እትዬ ዙህራ።

«በምን ልደውልላት? በምን!» መጮኋ ራሷን አስደነገጣት።

አፑን ከጥቁሩ መስኮት ታስነሳዋለች። እንዲህ ሲነሳ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይተፋል። መስመሮቹ ይጎርፋሉ፤ አንዱ ላይ ዓይኗ ይቆማል። የወዲያኛው ማሽን የማንነት ማረጋገጫ ገና አልጀመረም፣ የሚጀምረው በ2025 ነው፣ ይላል።

ገና? ወደ ጥጉ ታያለች። 5/3/2018። ኅዳር አምስት። ትክክል ነው እኮ። ደግማ ታያለች። ማሽኑ ኅዳርን የት ያውቃል? ለእሱ ይህ የዛሬ ሰባት ዓመት የፈረንጆች ማርች ነው፣ ያውም ገና በጠዋቱ፤ ለዚህ ነው የወዲያኛውን ማረጋገጫ አልቀበልም ያለው።

«አባባ! ቀኑን የነካው ማነው?»

አባቷ ጋሽ ሙደሲር ከሚወለውሉት ቀለበት ቀና ይላሉ። «እኔ ነኛ። ጠዋት አስተካከልኩት። ደረሰኝ ላይ የፈረንጅ ቀን እያተመ ደንበኛ ይስቅብኛል። ሰዓቱም ስድስት ሰዓት ተሳስቶ ነበር። ምነው፣ አጠፋሁ?»

ኢህሳን የቀኑን ማስተካከያ ከፍታለች። በራሱ እንዲሞላ የሚያደርገው ምልክት ላይ ጣቷ ደርሶ ሊጫን ሲል ግን ቀጥ አለ።

ሁለቱ ቃላት ስክሪኑ ላይ ተደርድረዋል። «ውጪ»፤ ከሥሯ «አትውጪ»። ግንኙነቱ ሲመለስ ቀድማ የምትሄደው የላይኛዋ ናት። ሰልዋ ደግሞ ያችን ብቻ ነው የምትጠብቀው፤ ካየች የታችኛዋን ለማንበብ የምትቆም አይደለችም። አባቷ ሰዓቱን ባያዛቡት ኖሮ እስካሁን መኪናው ውስጥ ነበረች።

የላይኛዋን ትሰርዛለች። የሰረዘችው እሷን መሆኑን አፍጥጣ ታረጋግጣለች። ከዚያ ምልክቱን ትጫናለች። ጥጉ ላይ ያለው ቁጥር ይገለበጣል፤ «በመገናኘት ላይ» የሚለው ይጠፋል። «አትውጪ» ሄደች።

የሰልዋ መልእክቶች ተከታትለው ይወድቃሉ። «ኢህሳን?» «ሰዎቹ ወጥተዋል።» «መኪናው ጡሩምባ ይነፋል።» «ለምን ዝም አልሽኝ? ቁልፉን አዙሬ በሩን ከፍቼዋለሁ።»

«አትውጪ፣ ሰውየው ክፉ ነው፣ ቆልፊ፣ ቆልፊ» ትጽፋለች ኢህሳን።

እትዬ ዙህራ ከንፈራቸው በዱዓ ይንቀሳቀሳል። ጋሽ ሙደሲር መጥተው ከልጃቸው ጀርባ ቆመዋል።

«ቆለፍኩት» አለች ሰልዋ። ቀጥሎ «እያንኳኳ ነው።»

ጋሽ ሙደሲር በእጃቸው የቀረውን ቀለበት፣ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርገው፣ የባንኮኒው መስታወት ላይ አስቀመጡት።