የጋሼ ፍሬን አሥራ ሁለት ሳንቲሞች

ጋሼ ፍሬን ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ስሙን ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። አውቶቡስ ሲያቆም አይተው እንዳይመስላችሁ፤ ነገር ሲያቆም አይተው ነው። አንዴ «አይሆንም» ካለ፣ ከኋላ አገር ቢገፋው ንቅንቅ አይልም።

ሀብቱ አሥራ ሁለት አሮጌ ሳንቲሞች ናቸው። በአውቶቡሱ የሒሳብ መክፈያ ሣጥን ውስጥ ዘመኑ ያለፈበት ሳንቲም ባየ ቁጥር ከኪሱ በደህናው እየተካ የለቀማቸው። ድሮ ድሮ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከነሣጥናቸው ያወርዳቸውና፣ «እነዚህ አንድ ቀን ፎቅ ይሠሩልናል!» ይል ነበር። ከጊዜ በኋላ ስለ ፎቁ ማውራቱን ተወ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሠፈሩ «መቀስ» ይላታል፤ እሱም ለጨርቁ ብቻ አይደለም። ሃያ ዓመት የሰፋችው መኝታ ቤቷ ውስጥ ነው። አልጋው ላይ የሰው ቀሚስ፣ ትራሱ ላይ የሰው እጅጌ። ጋሼ ፍሬን ስንቴ በመርፌ ተወግቶ ከእንቅልፉ እንደዘለለ እሱና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት።

አሁን ታዲያ ከቤታቸው ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ሱቅ ተለቀቀች። አከራዩ እስከ ዓርብ እጠብቅሻለሁ አላት።

«ሳንቲሞቹን የድሮ ሳንቲም መርማሪው ጋ እንውሰዳቸው» አለች መቀስ። «በአጉሊ መነጽር አይቶ ደረጃ ያወጣላቸዋል፤ ቁጥር ሰጥቶ በፕላስቲክ ያሽጋቸዋል። ከዚያ በኋላ ገዢው ራሱ ነው የሚሻማው አሉ።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ሳንቲም ናቸው እንጂ ተማሪ ናቸው እንዴ ፈተና የሚቀመጡት?»

«ሱቋ ልታመልጠኝ ነው እኮ!»

«ታምልጣ! አንድ አውቶቡስ ቢያመልጥሽ ሌላ ይመጣል። የማንም ባለመነጽር ሳንቲሞቼን እያገላበጠ አይፈርድባቸውም። በቃ!»

ፍሬኑ ተያዘ።

በማግስቱ ቀለም ቀቢው ታናሽ ወንድሟ ምሳ ሊበላ መጣ። ነገሩን ስትነግረው ጉርሻውን ሳይውጥ ሳቀ።

«እትዬ፣ አልሸተተሽም?»

«ምኑ?»

«ያጠና ሰው ፈተና ይፈራል? ሰውየሽ ዱሮ ሸጧቸዋል። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ኮፒ ናቸው።»

«በየወሩ በእጄ የማገላብጣቸው?»

«ዛሬ ማሽን የማያወጣው ኮፒ አለ? አንቺንም ኮፒ ያደርግሻል። ደግነቱ ማንም አይሞክረውም፤ ለሠፈሩ አንድ መቀስ ይበቃል።»

ነጠላ ጫማዋን ወረወረችበት። ሳተችው። እሱ የወረወረው ግን አልሳታትም።

ብቻዋን ስትሆን ታስበው ጀመር። ስለ ፎቁ ማውራት የተወው መቼ ነው? የዛሬ ስድስት ዓመት። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የስፌት መኪና ገዝቶ ያመጣላትስ? የዛሬ ስድስት ዓመት! «ከየት አመጣኸው?» ስትለው፣ «ትርፍ ሰዓት ሠርቼ» ብሏት ነበር። እሷም አምና መርቃዋለች።

«አይ ሞኟ!» አለች ለራሷ። «የአገሩን ሰው ሁሉ ልክ ስወስድ፣ የገዛ ባሌን ልክ ሳልወስድ ኖርኩ?»

ማታ አንዴ ደግማ ጠየቀችው። «አይሆንም ብያለሁ!» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷም ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ወስናለች። እሱ ፍሬን ቢሆን እሷ መቀስ ናት፤ መቀስ ደግሞ ያልቆረጠ ቀን ምኑን መቀስ ነው!

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ፍሬን ከጡረተኛ ጓደኞቹ ጋር ዳማ ሊጫወት ወጣ። መቀስ ሣጥኑን ከቁም ሣጥኑ አወረደች። እንደ ልማዷ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ በጥርስ ሳሙናና በሎሚ ፈተገች፤ በለስላሳ ጨርቅ አሽታ አንጸባረቀቻቸው። ባሏ ሌባ ሊሆን ይችላል፤ እሷ ግን ሰው ፊት ቆሻሻ ይዛ አትቀርብም።

የመርማሪው ክፍል ከአንድ ጠረጴዛ፣ ከአንድ መብራትና ከሁለት ወንበር በላይ አይችልም። ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ ዷ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ኮፒ ከሆኑ ፊት ለፊት ይንገሩኝ። ማባበል አልፈልግም። ዛሬ ቤቴ ስገባ ወይ ባል አለኝ፣ ወይ የለኝም።»

መርማሪው ጓንቱን አጠለቀ። አንዱን አነሳ፣ አገላበጠ፣ አስቀመጠ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኖቹን አሸ።

«አንዱም ኮፒ አይደለም።»

መቀስ እልል ልትል ትንሽ ቀራት። «ተመስገን! ያንን ወንድሜን ዛሬ ቀለሙን ነው የማጠጣው! በሉ እንግዲህ ቁጥራቸውን ይስጧቸው፤ ሱቅ ልከራይባቸው ነው!»

«ምን ቁጥር እሰጣቸዋለሁ?» አለ መርማሪው። «ሳንቲም ሲፈተግ ቆዳው ይላጣል፤ የቆዳው ነው ዋጋው። እነዚህ ተፈትገው ተፈትገው አልቀዋል። ባይነኩ ኖሮ ሱቅ መከራየት አይደለም፣ ሱቅ ይገዙ ነበር። አሁን ተራ ብረት ናቸው።»

መቀስ እጆቿን ቀስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አስገባች። ሎሚ ሎሚ ይላሉ።

«ባሌ...» አለች። «ባሌ ይኼን የሰማ ቀን ይሞታል። ምን ብዬ ነው የምነግረው?»

መርማሪው ሣጥኑን ጠጋ አድርጎ አየው። ከዚያ እሷን አየ። ፊቱ በንዴት ቀላ።

«ባልሽ ሹፌሩ ናቸዋ! የዛሬ ስድስት ዓመት እነዚሁኑ ይዘው መጥተው ይኼንኑ ስነግራቸው፣ 'የምፈትጋቸው እኔው ነኝ፣ ሁለተኛ አልነካቸውም' ብለው እዚችው አንቺ የተቀመጥሽባት ወንበር ላይ አልማሉልኝም?»