ዱላ የሚጋሩበት ሰፈር

ሰብለ ከወልዲያ አዲስ አበባ ስትዛወር ከከተማው ዳር ሰፈሮች ሁሉ ይህንን የመረጠችው ባሏ ዳምጠው እጁን እንዲሰበስብላት ብላ ነበር። እዚህ ለገባ ሁሉ፣ ለሕፃንም ለሽማግሌም፣ አንገቱ ሥር ቺፕ ይቀበርለታል፤ አንዱ ላይ ያረፈ ዱላ ሁሉንም ያማል።

"ማን ደፍሮ ይመታሻል?" ብሏት ነበር ደላላው።

ዕቃ ባወረዱበት ቀን መስታወት ተሰበረና ዳምጠው መንጋጋዋን በቡጢ አላት። ወዲያው የራሱን መንጋጋ ይዞ ጮኸ። ጎረቤቶች አገጫቸውን እንደያዙ መጥተው ወደ ደጅ ጎተቱት። በዱላ ሲቀጠቅጡት እነሱም እየተጣጠፉ ያቃስታሉ፤ ሕመሙ ግን ይብስ አናደዳቸው።

"እማዬ፣ ጎኔን!" ብላ ጮኸች ትንሿ ልጇ ከውስጥ።

ሰብለ ሮጣ ባሏ ላይ ተደፋች። "ተዉት! ልጄን ገደላችኋት!"

ዱላው ሲቆም ከየቤቱ የሕፃናት ለቅሶ ተሰማ።