ረቡዕ የገባው መልእክት

የዓለምዘርፍ የምትፈልገው አንድ መልእክት ነው። እሱን ካገኘች የቡና ነጋዴው ኃይለሚካኤል የሚዛን ተፈሪን ከተማ ለቅቆ ይወጣል። ራሱ በአፉ ብሏል።

መልእክቱ ያለው ባሏ ጌታሁን ከአምስት ማሽን ዕቃ ለቃቅሞ በገጣጠመው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ጌታሁን የከተማውን ኮምፒውተር ሁሉ የሚጠግን ሰው ነበር። የሌላው ሰው ማሽን ክዳን አለው፤ የእሱ ግን ሆዱ ክፍት፣ ሽቦው እንደ አንጀት የተንጠለጠለ ነው። በጥቅምት፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ እዚያ ማሽን ላይ አንድ ነገር አነበበ። የዝናብ ልብሱን አነሣ፤ ሞተር ብስክሌቱን አስነሥቶ በቴፒ መንገድ ወጣ። ድልድዩ አጠገብ ጭቃው አንሸራተተውና ሞተ። ስልኩን ወንዙ ወሰደው።

ያነበበውን ያየ የለም። የጎረቤት ሱቅ ያላት ማናልሞሽ ብቻ ሲወጣ «በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?» ብትለው፣ «ከተጠራሁ ምን ይደረግ፣ ልድረስ እንጂ» ብሏታል።

የዓለምዘርፍ ማን እንደጠራው ለማወቅ አንድ ቀን አልፈጀባትም። የቡና ነጋዴው የኃይለሚካኤል መፈልፈያ በቴፒ መንገድ ላይ ነው። የቢሮው ደረሰኝ ማተሚያ በተሰናከለ ቁጥር «አሁኑኑ ድረስ» እያለ የሚልከው እሱ ነው። ጌታሁንም «ይህ ሰው አንድ ቀን በዝናብ ይገድለኛል» እያለ ይስቅ ነበር።

የዚያን ሰሞን እሷ ከተማ ውስጥ አልነበረችም። አክስቷን ልትቀብር ከቴፒ ወዲያ ጌጫ ሄዳ፣ መብራትም ኔትወርክም በጠፋበት አራት ቀን ከርማ፣ ረቡዕ ዕለት ቡና በጫነ አይሱዙ ተመለሰች። ቴፒ ሲደርሱ ስልኳ ኔትወርክ አግኝቶ ነፍስ ዘራ፤ ስለ አክስቷ የተላከው የማጽናኛ መልእክት ተንጋጋባት። እያነበበች ስታለቅስ ድልድዩ ጋ ደረሱ። ሰው ተሰብስቧል። ሾፌሩ ቀስ ብሎ ሲያልፍ «የማን ልጅ ይሆን፣ ምስኪን» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

ይህችን ለኃይለሚካኤል ይቅር አትልም።

የጌታሁን አርባ እንደወጣ፣ ከል እንደለበሰች ዕድሩ ፊት ቆመች። «ባሌን የገደለው ሰው እዚህ ከእኛ ጋር ተቀምጧል» አለች።

ኃይለሚካኤል ስልኩን አወጣ። «ያውላችሁ፣ እዩት። የላክሁት ነገር የለም።»

«ያጠፋኸውን ምን እናያለን?»

መልእክት ማጥፋት ቀላል እንደሆነ ታውቃለች። እሷ ራሷ የባሏን ፎቶ ማየት ሲያቅታት ከእሱ ጋር የተጻጻፈችውን ሁሉ ከስልኳ አጥፍታለች። ዕድሩም እንባዋን አይቶ ኃይለሚካኤልን ከመዝገብ ሰረዘው።

በታኅሣሥ የኃይለሚካኤል እናት አረፉ። ድንኳን የተከለ የለም፤ ሳጥን የተሸከመ የዕድር ሰው የለም። መቃብሩን የቀን ሠራተኞች ቆፈሩት። የዓለምዘርፍ ከባሏ መጠገኛ ሱቅ ደጃፍ ቆማ አስከሬኑ በስድስት ሰው ታጅቦ ሲያልፍ አየች። ነጠላዋን እንኳ አላዘቀዘቀችም።

በሳልስቱ ኃይለሚካኤል መጣ። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«ማሽኑን አስከፍቺ። ስሜ ከወጣ ይህን ከተማ እለቃለሁ። ካልወጣ ግን በእናቴ ላይ ያደረግሽውን ዕድሩ ፊት ቆመሽ ትናገሪያለሽ።»

«ይወጣል» አለችው።

አልከፈት ያለው ማሽኑ ነው። የመልእክት መቀበያው በተነካ ቁጥር አገልግሎቱን እንደ አዲስ አስጀምሩ ይላል። በወራሽነት የጌታሁንን ሲም አስወጣች። ቁጥሩ ሲገባ ኮድ ይመጣል፤ ኮዱ ሲሞላ «አልተቻለም» ይላል። ከቴፒ የመጣ ባለሙያ የኔትወርክ ካርዱን ቀየረ፤ አልተቻለም። ሁለተኛው ሁሉንም አጥፍቼ እንደገና ልጫን ቢል «እጅህን አንሣ፤ የባሌ ደም እዚያ ውስጥ ነው» ብላ አባረረችው።

በጥር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ማርዋን አመጣች፤ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር የምታስተምረውን። የዕድሩን ዳኛ አቶ ካሣዬን አስጠራች። ኃይለሚካኤልንም አስጠራች፤ ሲነበብ ፊቱን ማየት ፈልጋለች።

ማርዋ የማሽኑን ሆድ አልነካችም። ስክሪኑን ብቻ ትክ ብላ አየችው።

«እትዬ፣ ይህን ቀን ማነው የሞላው?»

«እኔ ነኛ። መብራት በጠፋ ቁጥር ይረሳዋል። የግድግዳውን ካሌንደር እያየሁ አስተካክልለታለሁ። ጥር አሥራ ሰባት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። ምን አጠፋሁ?»

«የሰዓቱ ባትሪ አልቆ ነው የሚረሳው። አንቺ ደግሞ በእኛ ዘመን ሞላሽለት። ይህ በፈረንጅ ነው የሚቆጥር፤ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ጣልሽው። ቀኑ ካልተስማማ ደግሞ አገልግሎቱ አይከፍትም። ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ስጡኝ ቢል ማን ይሰጠዋል?»

አቶ ካሣዬ ሳቁ። «የቴፒው ሊቅ ሆዱን ሲያገላብጥ ፊቱን ሳያየው ቀረ በይኛ።»

የዓለምዘርፍ አልሳቀችም። ማርዋ ቀኑንና ዓመቱን አስተካከለች፤ ቁጥሩን አስገባች። ኮዱ መጣ። ሞላችው። ማሽኑ ትንሽ አሰበና ተከፈተ። የጌታሁን መልእክቶች ከላይ እስከ ታች ተደረደሩ።

ማርዋ የመጨረሻውን ከፈተች። አነበበችው፤ እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ።

«እትዬ፣ እነሱ ይውጡና ለብቻሽ ብታይው…»

«ማንም አይወጣም» አለች የዓለምዘርፍ፣ ዓይኗን ከኃይለሚካኤል ሳትነቅል። «ጮክ ብለሽ አንብቢው። ዳኛውም ይስማ፣ እሱም ይስማ።»

«የገባው ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የተጻፈው ግን ሰኞ ነው፤ ኔትወርክ እስኪገኝ ቆይቷል።»

«መቼ ተጻፈ አልሁሽ? ቃሉን አንብቢ።»

ማርዋ አነበበች፦ «ጌቱ፣ መኪና አጥቼ ጌጫ ቀረሁልህ፤ ዝናብም ቢሆን ዛሬውኑ በሞተር መጥተህ ውሰደኝ፤ ያንተው የዓለም።»